ሃርዲን የዘነጋው የግጦሽ ጠባቂ

እስቲ ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አሥር እረኞች አንድ የጋራ ግጦሽ አላቸው እንበል። አንዱ ተጨማሪ ላም ቢያሰማራ የላሟ ጥቅም ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው፤ ሣሩ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ለአሥር ይካፈላል። ስለዚህ ይጨምራል። ሌሎቹም እንደሱ አስልተው ይጨምራሉ፣ በመጨረሻ ሣሩ ያልቃል። አሜሪካዊው የሥነ ምህዳር ምሁር ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ «የጋራ ሀብት አሳዛኝ ፍጻሜ» ብሎ የጻፈው ይህንን ነው። መፍትሔውም በአጭሩ፦ ወይ የግል ንብረት ይሁን፣ ወይ አስገዳጅ ሕግ ይውጣለት።

ኢኮኖሚክስ የተማራችሁ ይህችን ላም ታውቋታላችሁ። እኔ የተማርኩት ኢንጂነሪንግ ስለሆነ ጽሑፉን ያነበብኩት ዘግይቼ ነው። ሂሳቡ ስህተት የለበትም። ግን እረኞቹን ተመልከቷቸው፤ አይነጋገሩም! ሣሩ ሲሳሳ እያዩ አንድም ሰው ስብሰባ አይጠራም፣ አንዱ ሌላውን «ተው» አይለውም። ግብረ መልስ የሌለው ሲስተም ከሠራችሁ እኮ ከቁጥጥር መውጣቱ አይቀርም። ሃርዲን ያንን ውጤት ወስዶ የሰው ባሕርይ አደረገው።

እስቲ እውነተኛ ቦታ እንይ። ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባል፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ደጋ አለ። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይውላል፤ ከብትም ይግጥበታል። ቦታውን ለረጅም ዘመን ያስተዳደረው «ቄሮ» የሚባል ሥርዓት ነው (በቅርብ ዓመታት ከሰማችሁት ስም ጋር አታምታቱት)። የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉ ባለርስቶች አለቃቸውን መርጠው ቦታውን አንዳንዴ ለሦስት፣ አንዳንዴ ለአምስት ዓመት ይዘጉታል። ሣሩ ሲደርስ፣ በበጋ፣ ቀን ተቆርጦ ሁሉም ይገባል። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ይዘጋል። ደንብ የጣሰ ይቀጣል።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲያፈርስ ቄሮም ሥልጣኑን አጣ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ጓሳ የሃርዲንን ግጦሽ መምሰል የጀመረው ያኔ ነው። በእርግጥ ቄሮን እንደ ገነት አልስለውም፤ ከዘሩ ያልተወለደ ሰው ድርሻ አልነበረውም፣ ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ አካባቢ ሆኖ ነዋሪዎቹ በራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ይጠብቁታል።

ይህ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 በኢኮኖሚክስ ኖቤል ያገኘችው ኤሊኖር ኦስትሮም እንዲህ ያሉ ቦታዎችን ከየአገሩ ሰብስባለች። እኔ በጣም የምወደው የስዊዘርላንዱን ቶርበል መንደር ነው። ከ1517 ጀምሮ ያለ ደንባቸው፣ ክረምቱን መቀለብ ከምትችለው ላም በላይ ወደ ጋራው ተራራ አትሰድም ይላል። ብልሃቱን አያችሁት? መለኪያው የድርቆሽ ጎተራው ነው። ምንም ቆጣሪ ሳይገጠም ማንኛውም ሰው የጎረቤቱን ኮታ ማወቅ ይችላል።

ገበያ ጭራሽ አይሠራም እያልኩ አይደለም። አየርን ማጠር አይቻልም፤ ያም ሆኖ አሜሪካ በ1990 ባወጣችው ሕግ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ፈቃድ እንዲሻሻጡ አድርጋ የአሲድ ዝናብን ቀንሳለች። ግን መጀመሪያ መንግሥት የጠቅላላውን ልቀት ጣሪያ ወሰነ፣ በየጭስ ማውጫውም ያለማቋረጥ የሚለካ መሣሪያ እንዲገጠም አስገደደ። ሽያጩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በማመንጫው መሣሪያ፣ በቶርበል ጎተራ፣ በጓሳ የቄሮ አለቃ፤ በሦስቱም ቦታ የሚያይ ዓይን አለ።

ሃርዲን ራሱ በ1994 ባወጣው ጽሑፍ ርዕሱ ላይ «ያልተዳደረ» የሚል ቃል ጨመረበት፤ ያልተዳደረ የጋራ ሀብት ማለቱ ነው። አንዲት ቅጽል፣ 26 ዓመት ዘግይታ መጣች። ክፍል ውስጥ የሚነገረን ግን እስካሁን የ1968ቱ ነው።