ከየት ይጀመር?
ስለ «ድራጎን ቦል» ተከታታይ ፊልም የአተያይ ቅደም ተከተል

አንድ ረጅም ታሪክ በአንድ ጊዜ ተጽፎ በአንድ ጥራዝ ሲቀርብ አንባቢው ከየት ልጀምር ብሎ አይጨነቅም፤ የመጀመሪያውን ገጽ መግለጥ ብቻ ይበቃዋል። ታሪኩ ግን ዐርባ ዓመት ያህል እየተቋረጠና እየተቀጠለ፣ ኋላ የተሠራውም ክፍል ፊት ወዳለፈው ዘመን እየተመለሰ የመጣ እንደ ሆነ «ከየት ይጀመር?» የሚለው ጥያቄ የተመልካቹ የግል ምርጫ መሆኑ ይቀርና የሂስ ጥያቄ ይሆናል። የጃፓኑ ተከታታይ የካርቱን ፊልም «ድራጎን ቦል» እንዲህ ካሉት ሥራዎች አንዱ፣ ምናልባትም በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ነው።

ጥያቄውን ከወለጋ ከተሞች አንጻር ማንሣት ያስፈለገበት ምክንያት አለ። ወደ ነቀምቴ፣ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆና ወደ ደምቢዶሎ እንዲህ ያለው ታሪክ በተራው ደርሶ አያውቅም። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ዲሽ በየጣሪያው ላይ ሲተከል እንደ ስፔስቱንና ኤምቢሲ 3 ያሉት የልጆች ጣቢያዎች የጃፓን ካርቱኖችን በዐረብኛ ድምፅ ያስተላልፉ ነበር። ዐረብኛ የማያውቅ ልጅ የቴሌቪዥኑ መስኮት በተከፈተበት ሰዓት ያገኘውን ክፍል ያያል፤ ንግግሩን ባይሰማም ሥዕሉን ያነባል፤ ያመለጠውን ደግሞ ከጓደኛው ጋር ሆኖ በግምት ይሞላዋል። ቀጥሎ ሲዲ፣ ከሲዲም በኋላ ፍላሽና የእጅ ስልክ መጡ። ፊልም የሚጭነው ባለ ሱቅ ያለውን ይጭናል፤ የሌለውን አይጠየቅም። የኢንተርኔት አገልግሎት ያለ እንደ ሆነ ተመልካቹ የጎደለውን ፈልጎ ሊሞላ ይችላል፤ ነገር ግን ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድረስ በምዕራብ ኦሮሚያ እንደ ሆነው መስመሩ ሲቋረጥ ለሰው የሚቀረው በእጁ ያለው ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተል የሚወሰነው በፋይሎቹ ላይ ቁጥር በሚጽፈው እጅ ነው። ያ እጅ፣ ያውቀውም አያውቀውም፣ የአርታዒ ሥራ ይሠራል።

በመጀመሪያ ሥራዎቹን በተሠሩበት ተራ እንቁጠራቸው። አኪራ ቶሪያማ «ድራጎን ቦል»ን በሥዕላዊ ታሪክ መልክ በሳምንታዊ መጽሔት ላይ ማውጣት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን በ1995 በ519ኛው ምዕራፍ ፈጸመው፤ ሙሉው ታሪክ በ42 ጥራዞች ታትሟል። ቶኤይ አኒሜሽን ይህን ወደ ፊልም ሲመልሰው የመጀመሪያውን ተከታታይ ከ1986 እስከ 1989 በ153 ክፍሎች፣ «ዜድ» የተባለውን ከ1989 እስከ 1996 በ291 ክፍሎች አቀረበ። ከዚያ «ጂቲ» በ64 ክፍሎች ከ1996 እስከ 1997፣ «ሱፐር» በ131 ክፍሎች ከ2015 እስከ 2018፣ «ዳይማ» ደግሞ በ20 ክፍሎች ከ2024 እስከ 2025 ተከተሉ። ቶሪያማ ያረፈው መጋቢት 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ስለ ነበር ታሪኩን ያፈለቀለት «ዳይማ» ለእይታ ሲበቃ አላየውም። በእነዚህ መካከል የገቡ ብዙ የሲኒማ ፊልሞችም አሉ።

ይህን ክምር ለመደርደር ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው በተሠራበት ተራ ማየት ነው። ሁለተኛው በታሪኩ ውስጥ ያለውን ዘመን ተከትሎ፣ ቀድሞ የተፈጸመውን ድርጊት አስቀድሞ ማየት ነው። ሦስተኛው የገበያ መንገድ ሊባል የሚችል ሲሆን ዝናው ከገነነው ከ«ዜድ» ይጀምራል። በዚህ ጽሑፍ የምንከራከረው ለአንደኛው ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ግን የሚያጠፉትን ነገር ሳናሳይ ብንቀር ክርክሩ ባዶ ቃል ይሆናል።

የታሪኩን ዘመን የሚከተለው መንገድ ላይ ላዩን ሲያዩት ምክንያታዊ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ አንድ ልዩ ፊልም የዋናውን ባለ ታሪክ የጎኩን አባት ባርዶክን ያሳያል፤ ጎኩ ገና ሕፃን ሳለ የተወለደባት ዓለም በፍሪዛ እጅ ስትጠፋ የምናየው እዚያ ነው። በዘመን ቢቆጠር ይህ ፊልም ከሁሉ ይቀድማል። ነገር ግን አስቀድሞ የታየ እንደ ሆነ የሚከተለውን ነገር ይገድላል።

በመጀመሪያው ተከታታይ ጎኩ በጫካ ብቻውን የሚኖር ጅራት ያለው ልጅ ነው። ያሳደገው ጎሃን የተባለ ሽማግሌ ነበር፤ ልጁም ከአያቱ ያስቀራትን አንዲት ባለ አራት ኮከብ ሉል እንደ ሕይወቱ ይጠብቃታል። አያቱ ጨረቃ በሞላችበት ሌሊት በመጣ አውሬ ተረግጦ እንደ ሞተ ልጁ ያለ ጥርጥር ይናገራል። ጥቂት ክፍሎች እንዳለፉ ሙሉ ጨረቃ ትወጣለች፤ ጎኩ ቀና ብሎ ያያታል፤ ወዲያው ወደ ታላቅ ዝንጀሮ ይለወጣል። ጓደኞቹ በዚያች ሌሊት እውነቱን ይረዳሉ፤ አያቱን የገደለው ራሱ ጎኩ ነው። ለእርሱ ግን አንድም ሰው አይነግረውም። ተመልካቹም ከጓደኞቹ ጋር ምሥጢር ጠባቂ ይሆናል። ጎኩ ነገሩ የሚገለጥለት ከብዙ ዓመታት በኋላ በ«ዜድ» ውስጥ ጠላቱ ቬጄታ በዓይኑ ፊት ወደዚያው አውሬ ሲለወጥ ነው። ከሌላ ዓለም የመጣ ፍጡር መሆኑንም የሰማው በ«ዜድ» መግቢያ ላይ ነበር። የባርዶክን ፊልም አስቀድሞ ያየ ሰው የጅራቱን ነገር ከመነሻው ያውቃል፤ ስለዚህ አይጠይቅም። ያልጠየቀ ደግሞ መልሱ አይደንቀውም።

ይህ ሕግ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «እንቆቅልህ» ያለ ሰው «ምን አውቅልህ» ሳይባል መልሱን ቢናገር ጨዋታው ፈረሰ። የጠፋበትም ቢሆን አገር ሰጥቶ እንጂ እንዲሁ በነጻ መልስ አይቀበልም። ኦሮምኛው «ሂቦ» የሚለው የእንቆቅልሽ ጨዋታም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል። የወለጋ ሽማግሌ ሐረገ ትውልድ ሲያስቆጥር ልጁን ከሩቁ አባት አያስጀምረውም፤ ከራሱ ስም አስነሥቶ ወደ አባቱ፣ ወደ አያቱ፣ ወደ ቅድመ አያቱ ይመራዋል። ድርጊቱ የሄደው ከአያት ወደ ልጅ ሲሆን ትረካው የሚሄደው ግን ከታወቀው ወደ ተሰወረው ነው። ለትምህርትም እንዲሁ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ ኋላ ነቀምቴ ተቀምጠው ከማስተማራቸው በፊት እ.ኤ.አ. በ1894 በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ያሳተሙት የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ የፊደልንና የቃልን ልምምድ አስቴር ከቃል ከሰበሰበቻቸው ተረቶችና ዘፈኖች ጋር ያያያዘ ነበር። ፊደሉን ያልቆጠረ ሰው ተረቱን እንዴት ያነባል?

ከ«ዜድ» የሚጀምረው የገበያ መንገድ የሚያስከትለው ጉዳት ደግሞ ሌላ ነው። እዚህ የሚጠፋው ምሥጢሩ ሳይሆን ዕዳው ነው። ፒኮሎ የተባለውን ባለ ታሪክ እንውሰድ። በመጀመሪያው ተከታታይ መደምደሚያ ላይ ፒኮሎ የአባቱን ደም ሊበቀል የመጣ የጎኩ ባላጋራ ነው፤ ጎኩም ካሸነፈው በኋላ ሊገድለው ሲችል ይምረዋል። በ«ዜድ» መጀመሪያ ጎኩ ይሞታል፤ የአራት ዓመት ልጁን ጎሃንን ወስዶ የሚያሠለጥነው ይኸው ጠላቱ ነው። በመጨረሻም ፒኮሎ በልጁ ላይ የተሰነዘረውን ምት በገዛ አካሉ ተቀብሎ ይሞታል። ከ«ዜድ» የጀመረ ተመልካች የሚያየው አንድ ቁጡ አስተማሪ ለተማሪው ሲሞት ነው። ከመጀመሪያው የተነሣ ግን አንድ ምሕረት ከብዙ ዓመታት በኋላ ፍሬ ሲያፈራ ያያል። የልጁ ስም እንኳ ለፊተኛው ባዶ ድምፅ ነው፤ ጎኩ የበኩር ልጁን ባሳደገው ሽማግሌ ስም መጥራቱን አያውቅምና። በወለጋ ሱቆች የ«ዜድ» ቅጂ ብቻውን ሲሸጥ ከታሪኩ የሚቆረጠው ትርፍ አካል ሳይሆን ሥሩ ነው።

በተሠራበት ተራ ማየት ግን የራሱ ችግር የለውም አንልም። ትልቁ ችግር የ«ዜድ» ፍጻሜ ነው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ክፍሎች ከታላቁ ጦርነት በኋላ ዐሥር ዓመት ዘልለው ጎኩ አንድ ድሀ ልጅ አግኝቶ ሊያስተምረው ሲሄድ ያሳያሉ። «ዳይማ»ና «ሱፐር» የተሠሩት በዚያ ዐሥር ዓመት ክፍተት ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዳንዶች «ዜድ»ን ከፍጻሜው በፊት አቁሙ፤ ሌሎቹን አይታችሁ ተመለሱ ይላሉ። ምክሩ የዘመን ስሌቱን ያስተካክላል፤ ድርሰቱን ግን ያፈርሳል። ቶሪያማ ያንን ፍጻሜ ሲጽፍ «ሱፐር» አልታሰበም ነበር። ተማሪ የነበረው ጎኩ መምህር ሆኖ የሚወጣበት ያ መዝጊያ በ1984 ለተጀመረው መንገድ የተሰጠ መልስ ነው። በመካከሉ ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶ የተሠራ ሌላ ታሪክ ሲገባበት የመዝጊያው ድምፅ ይጠፋል። ኋላ የመጣው ኋላ ይታይ፤ ተመልካቹም ወዳለፈ ዘመን መመለሱን አውቆ ይመልከተው። «ጂቲ» ግን ቶሪያማ ታሪኩን ያልጻፈው፣ ከ«ሱፐር»ም ጋር የማይጣጣም በመሆኑ እንደ ተጨማሪ ሥራ ለብቻው ይታይ። ከ1989 እስከ 1995 የወጡት 13ቱ የ«ዜድ» ፊልሞችም ከዋናው ታሪክ ጋር በአብዛኛው አይገጣጠሙምና ወደ መጨረሻው ይቆዩ።

ሁለተኛው ችግር የ«ዜድ» ርዝመት ነው። ፊልሙ በየሳምንቱ ሲሠራ ሥዕላዊው ታሪክ ገና በመጻፍ ላይ ነበር፤ እንዳይቀድመው ሲባል ድርጊቱ ተጎተተ፤ በመጽሐፉ የሌሉ ክፍሎችም ተጨመሩ። ፍሪዛ ዓለሚቱ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ትፈነዳለች ካለ በኋላ አምስቱ ደቂቃ ብዙ ሳምንታት ፈጅቷል። ይህን ለማረም እ.ኤ.አ. በ2009 «ካይ» የተባለው እትም ወጣ፤ የ«ዜድ»ን የመጀመሪያ 194 ክፍሎች ወደ መቶ ገደማ አሳጠረ። የፍላሹ ቦታ ለጠበበ፣ ጊዜውም ላጠረ ሰው «ካይ»ን በ«ዜድ» ቦታ መተካት ተገቢ ነው፤ የመጀመሪያውን ተከታታይ ጥሎ ቦታ መቆጠብ ግን ተገቢ አይደለም።

ሐያሲ የወደደውን ሥራ ነቀፋ ሊሸሽግለት አይገባም። «ድራጎን ቦል» እየረዘመ ሲሄድ ራሱን ይደግማል። ሰባቱን ሉሎች የሰበሰበ ሰው ሙታንን ማስነሣት ስለሚችል ሞት ቀስ በቀስ ክብደቱን ያጣል። በመጀመሪያው ተከታታይ መድረክ ላይ ወጥታ ከጎኩ ጋር የታገለችው ቺቺ በ«ዜድ» ልጇን አጥና የምትል እናት ብቻ ሆና ትቀራለች፤ ይህ የድርሰት ስንፍና ነው። ከቻይናው የጉዞ ልብ ወለድ የዝንጀሮ ንጉሥ የተወሰደው የጎኩ ስምና ቀልዱም ፍልሚያው ሲበዛ ይደበዝዛል። በዚህም ምክንያት በሥራው ሁሉ ውስጥ በቀልድ፣ በእንቅስቃሴና በሰው ጠባይ አሣሣል የላቁት ሰዎች ዘልለው የሚያልፏቸው እነዚያ 153 ክፍሎች ናቸው ብንል አላጋነንንም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ በመጀመሪያ 153ቱ የፊተኛው ተከታታይ ክፍሎች፣ ቀጥሎ «ዜድ» ወይም «ካይ» እስከ ፍጻሜው፣ የባርዶክም ፊልም የፍሪዛ ታሪክ ከታየ በኋላ፣ ከዚያ «ሱፐር»፣ የ2018ቱና የ2022ቱ የሲኒማ ፊልሞች፣ በመጨረሻም «ዳይማ»፤ «ጂቲ»ና የቀሩት ፊልሞች ለወደደ። የደራሲ መብት ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይሻልና እዚህ አንገባበትም። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ ፊልም የሚጭን ሰው ግን ይህችን ተራ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፎ ከሱቁ ግድግዳ ላይ ቢለጥፋት ወጪው አንድ ወረቀት ነው። ልጁ ፍላሹን ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ጎሃን የሚባለውን ልጅ ከማየቱ በፊት ጎሃን የሚባለውን ሽማግሌ ያውቃል።