ስሙን ያጣ ፏፏቴና ውኃውን ያጣ ፏፏቴ

ከካምፓላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ምዕራብ 300 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ፣ ማሲንዲንም አልፎ ወደ መርቺሰን ፎልስ ብሔራዊ ፓርክ የገባ ጎብኚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀበለው ድምፅ ነው። ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወጥቶ የኪዮጋን ሐይቅ አቋርጦ የመጣው ነጭ ዓባይ እዚህ ሲደርስ 7 ሜትር ያህል ብቻ ስፋት ባለው የዓለት ስንጥቅ ውስጥ ተጨምቆ ያልፍና ከ40 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረወራል። ከዚያ በታች ቁጣው ይበርድለታል፤ ጉማሬና አዞ በሞላበት ሰፊ አልጋ ላይ ተንሰራፍቶ፣ በደለል ዳርቻው በኩል ወደ አልበርት ሐይቅ ይገባል። ፏፏቴና ሐይቅ በአንድ ቀን የሚታዩበት እንዲህ ያለ ቦታ በምሥራቅ አፍሪካ ብዙ አይገኝም።

ይሁንና ይህን ቦታ ባዶ ዓይን ይዞ የሚሄድ ጎብኚ የለም። ምን ማየት እንዳለበት ገና ሳይደርስ የወሰኑለት አሉ፤ አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ፊልምና በካርታ ላይ የሰፈሩ ስሞች። የእነዚህን ሚዛን መመርመር የጉብኝቱን ደስታ አይቀንስም። እንዲያውም ሳይመረመሩ ሲቀሩ ነው ጎብኚው ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ቦታውን ግን ሳያይ የሚመለሰው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፉ የእንግሊዛዊው አሳሽ የሳሙኤል ቤከር ነው። ቤከር ለኢትዮጵያ አንባቢም ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ከ1861 እስከ 1862 በአትባራና በተከዜ ዳርቻ ተዘዋውሮ፣ ስለ አቢሲንያ የዓባይ ገባሮች በ1867 አንድ ጥራዝ አሳትሟል። ከዚያ ጉዞ በኋላ ከፍሎረንስ ጋር ወደ ደቡብ ዘልቆ ማርች 14 ቀን 1864 ከሐይቁ ዳር ደረሰ። በጥቂት ሳምንታት ውስጥም በታንኳ ወንዙን ሽቅብ ቀዝፎ ፏፏቴውን አየ። ሐይቁን በ1861 በሞተው በንግሥት ቪክቶሪያ ባለቤት በልዑል አልበርት ስም ጠራው፤ ፏፏቴውን ደግሞ የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ለነበረው ለሰር ሮድሪክ መርቺሰን ስጦታ አደረገው። መርቺሰን ውኃውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም።

በ1866 የታተመው የቤከር መጽሐፍ በጽሑፍነቱ የሚናቅ አይደለም። ሕመሙን፣ ረኀቡን፣ ከቤተ መንግሥት ፈቃድ እየጠበቁ የባከኑትን ወራት ይተርካል። ፏፏቴውን ሲያቀርበውም አስተዋይ ጸሐፊ ነው፤ አስቀድሞ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያሰማናል፣ ጉማሬው ታንኳውን ሲገፋው ያስደነግጠናል፣ ከዚያ በኋላ ነው የወንዙን መታጠፊያ የሚገልጥልን። ከእርሱ ወዲህ የተጻፉ ብዙ የጉዞ ገጾች ይህንኑ ቅደም ተከተል ይከተላሉ። የዛሬው የጀልባ ጉዞ ራሱ ከፓራ ተነሥቶ ወደ ላይ የሚቀዝፈው በዚሁ የቤከር መንገድ ነው።

የመጽሐፉ ጉድለት የሚገለጠው ሰው ላይ ሲደርስ ነው። በቤከር ገጾች ውኃው ባሕርይ አለው፣ አዞው ባሕርይ አለው፤ የአገሩ ሰው ግን ወይ ተሸካሚ ነው ወይ እንቅፋት። የቡንዮሮው ንጉሥ ካሙራሲ ስጦታ ከመለመን የማይቦዝን ስስታምና ፈሪ ሆኖ ተሥሏል። ነገሩን ከካሙራሲ ወገን ሆኖ ያነበበ ሰው ሌላ ታሪክ ያገኛል። ከካርቱም የሚመጡ የባሪያና የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች አካባቢውን በሚያምሱበት ዘመን፣ ጠመንጃ የያዘ እንግዳ «ሐይቅ ልይ ብዬ መጣሁ» ቢለው አንድ ንጉሥ ቢጠራጠር ምን ይገርማል? ጊዜም ለጥርጣሬው መሰከረለት። ቤከር በ1872 የግብፁን ኬዲቭ ጦር እየመራ ተመልሶ መጣና፣ እዚያው ማሲንዲ ላይ ቡንዮሮ ለግብፅ መገዛቷን ዐወጀ። የተዋጋው የካሙራሲ ልጅ ካባሌጋ ነበር። ካባሌጋ ኋላም እንግሊዞችን ለዓመታት ተከላክሎ በ1899 ተማረከ፤ ወደ ሲሼልስ ደሴቶች ተጋዘ፤ በ1923 ወደ አገሩ ሲመለስ ጂንጃ ላይ ሞተ። «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላል ያገራችን ሰው። እዚህ ግን ከመቃብር በላይ የዋለው የአገሩ ባለቤት ስም ሳይሆን የእንግዳው ወዳጅ ስም ነው።

ፊልሙ በ1951 የወጣው የጆን ሂውስተን «ዘ አፍሪካን ክዊን» ነው። ሃምፍሪ ቦጋርትን የኦስካር ተሸላሚ ያደረገው ይህ ሥራ በከፊል የተቀረጸው በቤልጂግ ኮንጎ፣ በከፊል ደግሞ በአልበርት ሐይቅ ዳር በቡቲያባና በፏፏቴው አካባቢ ነው። ፊልሙ ሲታይ ግን ዩጋንዳ የለችም። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1914 በጀርመን ምሥራቅ አፍሪካ፣ «ኡላንጋ» በተባለ ወንዝ ላይ ነውና ውኃው የሌላ አገር ውኃ ሆኖ ይተውናል። ለኪነ ጥበብ ይህ ነውር አይደለም፤ ተዋናይ የሌላ ሰው ልብስ ይለብሳል። ችግሩ ተመልካቹ ያንን ልብስ እንደ ቆዳ ይዞት መምጣቱ ነው። በፊልሙ ውስጥ ወንዙ የሁለት ነጮች ፍቅርና ጀግንነት የሚፈተንበት ባዶ መድረክ ነው። ሄሚንግዌይ በጃንዩዋሪ 1954 በፏፏቴው አጠገብ በአውሮፕላን ሲወድቅ፣ በማግስቱም ከቡቲያባ ሊነሣ ሲል ሁለተኛው አውሮፕላን ሲቃጠልበት፣ የዓለም ጋዜጦች ሞቱን እስከ ማርዳት ደረሱ። ቦታው እንደገና የአንድ ታላቅ ሰው ጀብዱ መድረክ ሆነ።

«ባዶ» የሚለው ቃል ሊመረመር ይገባዋል። የአስጎብኚዎች በራሪ ጽሑፍ ፓርኩን «ድንግል ተፈጥሮ» ይለዋል። አማርኛ ግን ለዚህ ጉዳይ የሠለጠነ ቋንቋ ነው፤ ድንግል መሬትና ጠፍ መሬት አንድ እንዳልሆኑ ያውቃል። ድንግል መሬት ሰው ያልነካው ነው፤ ጠፍ መሬት ሰው ኖሮበት የተፈታ ነው። የመርቺሰን ፓርክ ጠፍ ነው። የ1890ዎቹ ጦርነት ቡንዮሮን አራቆታት። ከዚያ ቀጥሎ የእንቅልፍ በሽታ ገባ፤ ይህም በቆላ ዝንብ የሚተላለፍ፣ በከብት ላይ ሲሆን እኛ ገንዲ የምንለው ደዌ ዘመድ ነው። የቅኝ ገዥው መንግሥት ከ1907 እስከ 1912 ባለው ጊዜ ነዋሪውን ከወንዙ አካባቢ አስነሣ። ሰው ሲወጣ አውሬ ገባ፤ በ1910 የቡንዮሮ የአራዊት ክልል ተከለለ፣ በ1952 ደግሞ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። ጎብኚው የሚያደንቀው የሣር ባሕር የሰው እጅ ያልደረሰበት ሳይሆን የሰው እጅ እንዲነሣ የተደረገበት ነው። ይህን ማወቅ ዝሆኑን አያሳንሰውም፤ የማን ማሳ ላይ እንደቆመ ይነግራል እንጂ።

ታዲያ ስሙን መመለስ በቂ ነውን? ኢዲ አሚን በ1970ዎቹ ሞክሮታል። ፏፏቴውን «ካባሌጋ» አሰኘው። ነገር ግን በ1973 አልበርት ሐይቅ «ሞቡቱ ሴሴ ሴኮ»፣ ኤድዋርድ ሐይቅ ደግሞ «ኢዲ አሚን ዳዳ» ተባሉ። የአንድ ልዑል ስም ወርዶ የአንድ አምባገነን ስም ወጣ። አሚን በ1979 ሲወድቅ አሮጌዎቹ ስሞች በዩጋንዳ ተመለሱ። ስያሜ ከላይ በዐዋጅ ሲወርድ፣ የቤከርም ይሁን የአሚን፣ ከውኃው ጋር አይዋሐድም። ከዚህ ሁሉ የተሻለው ሕዝቡ ራሱ ያወጣው ስም ነው። ባንዮሮ ሐይቁን «ምዊታንዚጌ» ይሉታል፤ አንበጣ ገዳይ ማለት ነው። አንበጣ መንጋ ሆኖ ሲመጣ የሚውጠው ውኃ መሆኑን ለማወቅ ከዚህ ስም ሌላ መምህር አያስፈልግም። በሉኦ ቋንቋ «ፓራ» የጉማሬዎች ቤት ማለት ነው፤ ጎብኚውም ጀልባው ላይ እንደወጣ የሚያየው ይህንኑ ነው። በ1962 ዩጋንዳ ነፃ በወጣችበት ዓመት ጎርፍ ዓለቱን ጥሶ ከአሮጌው ጎን ሁለተኛ ፏፏቴ ሲከፍት ደግሞ «ኡሁሩ»፣ ነፃነት ተባለ። ቃሉ ስዋሂሊ ቢሆንም ስሙና ውኃው በአንድ ዘመን ተወልደዋል።

የጢስ ዓባይን ነገር የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ ሳያነጻጽር አያልፍም። ሁለቱ ፏፏቴዎች በቁመት ተቀራራቢ ናቸው፤ ሁለቱም የአንድ ታላቅ ወንዝ ሁለት ክንዶች ናቸው። ጄምስ ብሩስ በ1770 ጢስ ዓባይን አይቶ ብዙ ጻፈ፤ ስሙን ግን አልነጠቀውም። ውኃው ዛሬም የሚጠራው የአገሩ ገበሬ በሚጠራው ስም ነው። ጢስ ዓባይ ያጣው ሌላ ነገር ነው። በ1964 የመጀመሪያው፣ በ2001 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ በአጠገቡ ተሠራ፤ በ2010 ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከዚያው ከጣና መሳብ ጀመረ። ከክረምት ውጪ የሚሄድ ጎብኚ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ሰፊውን መጋረጃ ሳይሆን የሳሳ ፈትል ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው እንደሚባለው፣ ጢሱ በስሙ ውስጥ ቀርቶ ከገደሉ ላይ ጠፋ። እንግዲህ አንዱ ውኃውን ይዞ ስሙን ያጣ፣ ሌላው ስሙን ይዞ ውኃውን ያጣ ነው። መብራት ለሚያስፈልገው ሕዝብ ማመንጫው ከንቱ ነው ማለት አይቻልም፤ ዋጋው ምን እንደሆነ ግን በግልጽ መቆጠር አለበት።

የዩጋንዳው ፏፏቴም ከዚህ ዕጣ የራቀ አይደለም። በጂንጃ የሪፐንና የኦውን ፏፏቴዎች በ1954 በተመረቀው ግድብ ተውጠዋል። ለባሶጋ ሕዝብ የመንፈስ ማደሪያ የነበረው ቡጃጋሊ በ2012 በተመረቀው የ250 ሜጋ ዋት ማመንጫ ሥር ቀርቷል። ከፓርኩ ጠርዝ ላይ ያለው የካሩማ 600 ሜጋ ዋት ማመንጫ በ2024 ተመርቋል። በ2019 አንድ የደቡብ አፍሪካ ኩባንያ በራሱ በመርቺሰንና በኡሁሩ ላይ ግድብ ለመሥራት ሲጠይቅ ከፍተኛ ተቃውሞ ተነሣ፤ መንግሥትም በኦገስት «አይሆንም» ካለ በኋላ በኖቬምበር ጥናቱ እንደሚካሄድ ተናገረ። በ2006 በሐይቁ ዙሪያ ነዳጅ መኖሩ ከተረጋገጠ ወዲህ ደግሞ የቲሌንጋ ፕሮጀክት የጉድጓድ ቦታዎች በፓርኩ ውስጥ ተከፍተዋል፤ ቁፋሮው በ2023 ተጀምሯል።

በ2019ኙ ክርክር የፏፏቴው ጠበቆች በብዛት ያነሡት የቱሪስት ገቢ ነበር። መከራከሪያው እውነት ነው፤ ደካማም ነው። በገቢ የተሟገተ ፏፏቴ የበለጠ ገቢ በመጣ ቀን ይረታል። ቡጃጋሊ የመንፈስ ቤት ነው ብለው የተሟገቱትም ቢሆኑ አልዳኑም፤ መንፈሱን በሥርዓት ወደ ሌላ ስፍራ ለማዛወር ተሞከረ። ቢሆንም እነዚያ ሰዎች ምን እንደጠፋባቸው በስሙ ጠርተው መናገር ችለዋል። ቦታን በቤከር ዓይንና በሂውስተን ካሜራ ብቻ የሚያውቅ ሰው ግን ውኃው ቢደርቅ የሚጠፋበት ሥዕል ነው፤ ለሥዕል ደግሞ ሌላ ሥዕል ይገኝለታል።

ስለዚህ ወደ መርቺሰን የሚሄድ አማርኛ አንባቢ የቤከርን መጽሐፍ ቢያነብ መልካም ነው፤ ለነጎድጓዱና ለመታጠፊያው ሲል። ካሙራሲ በሚናገርባቸው ገጾች ላይ ግን ቆም ይበል። ስለ ጉዞው የሚጽፍ ወይም የሚተረጉም ሰው ደግሞ «አልበርት ሐይቅ» ካለ በኋላ «ምዊታንዚጌ፣ አንበጣ ገዳይ» የሚሉትን ሦስት ቃላት ይጨምር፤ «ድንግል» ሊል ሲቃጣም «ጠፍ» ማለትን ይድፈር። ቦታ የሚወጠነው አስቀድሞ በቃል ነው፤ ትክክለኛውን ቃል የያዘ ጎብኚ ቢያንስ ምን እየታየው እንደሆነ፣ ነገ ደግሞ ምን ሊታጣ እንደሚችል ያውቃል።