ነጋሪት የሌለው ሰንደቅ፦ የጎንደር ዘመን ምልክቶች በጦርነት ጨዋታ ውስጥ

በዘመናችን የታሪክ ትምህርት የሚገኘው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በኮምፒዩተር የሚካሄዱ የጦርነትና የመንግሥት አስተዳደር ጨዋታዎች የብዙ አገሮችን ወጣቶች ከካርታ፣ ከነገሥታት ስምና ከሰንደቅ ዓላማ ጋር ያስተዋውቃሉ። ከነዚህም አንዱ ፓራዶክስ የተባለው የስዊድን ድርጅት በ2013 ያወጣው ዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ጨዋታው በ1444 ጀምሮ በ1821 ያበቃል። ስለዚህ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዙፋን ላይ ከነበሩበት ጊዜ አንሥቶ፣ ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ጎንደርን መናገሻ ያደረጉበትን ዘመን አልፎ፣ እስከ ዘመነ መሳፍንት ይዘልቃል ማለት ነው።

ጨዋታው ለተጫዋቹ አንድ ነፃነት ይሰጠዋል። ይኸውም የድርጅቱን ሥዕሎችና ጽሑፎች በራሱ ሥራ መለወጥ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ሞድ ይባላል። ከሞድ ሠሪዎች መካከል አንዳንዶቹ ድል ማድረግን ለማቅለል ሳይሆን ታሪክን ለማቅናት የሚደክሙ ናቸው፤ የየአገሩን ሰንደቅና ዓርማ እያመሳከሩ በትክክል ለመሣል ይጥራሉ። ይህ ድካም ሊመሰገን የሚገባው ነው። ነገር ግን «በታሪክ ትክክለኛ» የሚለው ቃል በምን ሚዛን እንደሚመዘን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የጎንደር ዘመን ሰንደቅም ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መፈተኛ ነው።

አስቀድሞ የጨዋታውን አሠራር መመልከት ይገባል። በዩሮፓ ዩኒቨርሳሊስ 4 ለእያንዳንዱ አገር አንድ የሰንደቅ ሥዕል ይመደባል፤ ስፋቱና ቁመቱ እኩል ሆኖ 128 በ128 ነጥብ ነው። ይህም ሥዕል በተጫዋቹ ፊት የሚታየው በአውሮፓ ባላባቶች ጋሻ አምሳል በተሠራ ክፈፍ ውስጥ ገብቶ ነው። ስለዚህ ሠሪው ቀለሙን ከመምረጡ በፊት ሦስት ነገሮች ተወስነውለታል፤ ምልክቱ የጨርቅ ገጽ መሆኑ፣ የአገር መሆኑና አንድ ብቻ መሆኑ። በጎንደር ዘመን ግን ከሦስቱ አንዱም እንደዚህ አልነበረም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የጻፈው ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ ድረስ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ዘመን በቤተ መንግሥትና በጦር ሰፈር ተቀምጧል፤ መጽሐፉንም በ1790 አሳተመ። ስለ ሰንደቅ በሰጠው መግለጫ መሠረት የሠራዊቱ ምልክት በመጀመሪያ ደረጃ ትልቅ ዘንግ ነው። በዘንጉ ራስ ላይ ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ ጉልላት ይቀመጣል፤ ከጉልላቱም በታች ጫፉ ለሁለት የተሰነጠቀ ቀጭን የሐር ጨርቅ ይንጠለጠላል። ዓይን የሚያርፈው በዘንጉና በጉልላቱ ላይ ነው፤ ጨርቁ ተከታይ ነው። ሰፊ ጨርቅ ያለው ሰንደቅ ብሩስ ያየው በበጌምድር ጦርነት ጊዜ ነበር። ቀይ ሆኖ ርዝመቱ 8 ጫማ፣ ስፋቱም 3 ጫማ ያህል ነበር፤ ይሁን እንጂ የታየው ለሁለት ቀን ብቻ ነው፤ ዕድሉም ስላልሠመረ ሌላው ሊከተለው አልወደደም። እንግዲህ ዛሬ ሰንደቅ ዓላማ ሲባል በሐሳብ የሚመጣው ሰፊ ጨርቅ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ከዚህ ይበልጣል። ብሩስ እንደሚለው የንጉሥ ሥልጣን ምልክት ነጋሪት ነበር። ንጉሡ አንድን ሰው የአገር ገዥ አድርጎ በሾመ ጊዜ ነጋሪትና ሰንደቅ አብሮ ይሰጠው ነበር፤ ንጉሡም ሲጓዝ 45 ነጋሪት በፊቱ ይጎሰም ነበር። ስሙ ራሱ ሥራውን ይናገራል፤ ነጋሪት የሚነግር ነው፤ ዐዋጅ ሁሉ በድምፁ ይታወጃልና። በጎንደር የዐዋጅ ቦታ አደባባይ ነበረ፤ በዚያው ገበያ ይቆማል፣ ሠራዊት ይሰለፋል፣ ወንጀለኛም ይቀጣል። በገበያው የተሰበሰበው ሕዝብ የንጉሡን ፈቃድ የሚያውቀው በዓይኑ ጨርቅ አይቶ ሳይሆን በጆሮው ነጋሪት ሰምቶ ነበር። ይህ ልማድ በቋንቋው ውስጥ ሥር ስለ ሰደደ በ1942 የተመሠረተው የሕግ ማወጃ ጋዜጣ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ፤ የዛሬውም የፌዴራል ሕግ የሚታወጀው በዚሁ ስም ነው።

ስለዚህ ሰንደቁ የሹመትና የጭፍራ እንጂ ዛሬ በሚባልበት አኳኋን የአገር አልነበረም። ከነጋሪቱ ጋር ተሰጥቶ ከሹመቱ ጋር የሚኖር ዕቃ ነው። በጦርነት ጊዜ ድል የነሣው ወገን ይማርከዋል።

ሞድ ሠሪው እዚህ ላይ አንድ ፈተና ያገኘዋል። ብሩስ የፈረሰኛው ጦር ሰንደቆች ሁሉ አንበሳ እንደነበረባቸው፣ አንበሳውም ለአንዳንዱ ቀይ፣ ለአንዳንዱ አረንጓዴ፣ ለአንዳንዱ ነጭ እንደነበረ ጽፏል። በጥቁር ፈረስ የሚቀመጠው ክፍል ደግሞ በቀይ ጨርቅ ላይ ቢጫ አንበሳና ከበላዩ ነጭ ኮከብ ነበረው፤ ይህም ስለ ይሁዳ አንበሳና ስለ ኮከብ የተነገሩትን ሁለት ትንቢቶች የሚያመለክት ነው ይላል። ይህን ያነበበ ሠሪ ባለ ሦስት ቀለሙን ሰንደቅ ዓላማ ከነዘውዳዊ አንበሳው አምጥቶ በዐፄ ፋሲለደስ ስም ላይ ቢለጥፈው ማስረጃ ያለው ይመስለዋል። ነገር ግን አንበሳው የጥንት መሆኑ ሰንደቁን የጥንት አያደርገውም። በጎንደር አንበሳው የፈረሰኛው ክፍል መለያ ነበር፤ እግረኛው ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይና አረንጓዴ ከሆኑት መካከል ሁለት ቀለም የተቀባ ጨርቅ ይይዝ ነበር። አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በአንድ አራት ማዕዘን ጨርቅ ላይ ተዋሕደው የመንግሥት ምልክት የሆኑት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የፈረንሳይን የአብዮት ባለ ሦስት ቀለም በሉዊ 14ኛ ቤተ መንግሥት ላይ የሚሰቅል ሞድ ሠሪ ቢኖር ሊቃውንት ይሥቁበታል። ፋሲለደስና ሉዊ ለ24 ዓመታት ያህል በአንድ ዘመን የነገሡ ናቸውና ሚዛኑ ለሁለቱም እኩል መሆን አለበት።

ቋንቋውም ይህንኑ ይመሰክራል። ሰንደቅ ማለት ዘንጉ ነው፤ ዓላማ ማለት ምልክቱ ነው፤ አማርኛ ሁለቱን አጣምሮ ሲናገር ዘንጉን አስቀድሟል። ባንዲራ የሚለው ቃል ደግሞ ከኢጣልያንኛ የመጣ ነው። ሞድ ሠሪው ባንዲራን ፈልጎ ወደ ጎንደር ቢሄድ የሚያጣው ስለዚህ ነው፤ ሰንደቅን ቢፈልግ ግን ያገኛል።

በዚህ ላይ የሚነሣ መቃወሚያ አለ። ጨዋታ ጨዋታ ነው፤ ለአንድ አገር አንድ ሥዕል ያስፈልገዋል፤ ሠሪውም የድርጅቱን ክፈፍ ሊሰብር አይችልም ይባላል። ይህ እውነት ቢሆንም ሁሉን አይሸፍንም። በዚያው ድርጅት በ2016 የወጣውና በ1936 የሚጀምረው ኸርትስ ኦቭ አይረን 4 ምሳሌ ይሆናል። በዚያ ጨዋታ ሰንደቁ 82 በ52 ነጥብ የሆነ አራት ማዕዘን ነው፤ በ1936 ኢትዮጵያ አራት ማዕዘን ሰንደቅ ዓላማ ስለ ነበራት ቅርጹ ይስማማል። ሆኖም ጨዋታው ለእያንዳንዱ አገር በአራት የፖለቲካ ወገን፣ ማለትም በዴሞክራሲ፣ በፋሺዝም፣ በኮሙኒዝምና ከነዚህ ውጪ በሆነው አገዛዝ ልክ የተለያየ ሰንደቅ ማስቀመጥን የተለመደ አድርጎታል። በዚያን ጊዜ ያልነበረ መንግሥት ሰንደቅ ሊኖረው አይችልምና ሠሪው ይፈጥራል። እዚህ ፈጠራው ግልጥ ስለሆነ ተጫዋቹ አይታለልም። በጎንደር ላይ የሚሠራው ስሕተት ግን የታሪክ ልብስ ለብሶ ስለሚቀርብ ይበልጥ ያሳስታል።

በሌላ በኩል ብሩስን ያለ ምርመራ መቀበል አይገባም። ያየው አንድ ዘመን ነው፤ ያውም የጎንደር ነገሥታት ኃይል በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ የወደቀበት ዘመን። መጽሐፉም ከጎንደር ከወጣ 18 ዓመት ያህል ቆይቶ የታተመ ነው። እሱ ራሱ ባለ አንበሳው ሰንደቅ በጨርቅ እጦት ተቋርጦ እንደነበረና ለበጌምድር ጦርነት የሚሆን ጨርቅ በዐፄ ኢዮአስ ግምጃ ቤት እንደ ተገኘ ይናገራል። የ1771ን ሰንደቅ ወስዶ የ1636 ነው ማለት፣ ይልቁንም ወደ 1444 መመለስ፣ የመጀመሪያውን ስሕተት በሌላ መልክ መድገም ይሆናል።

እንግዲህ ጥሩ ሞድ ምን ያደርጋል? በ128 ነጥቡ ገጽ ላይ ዘንግ፣ ጉልላትና ጫፉ የተሰነጠቀ የሐር ጨርቅ መሣል ይቻላል። ጨዋታው ዜማንና የኩነት ጽሑፍን መጨመርም ስለሚፈቅድ፣ ገዥ ሲሾም ነጋሪት ሲጎሰም ማሰማትና ሰንደቁ ከማን ለማን እንደ ተሰጠ መጻፍ ይቻላል። ማስረጃው የየትኛው ዓመት እንደሆነም በሞዱ መግለጫ ላይ ማመልከት አንድ መስመር የማይሞላ ሥራ ነው። ይህ ሥዕል እንደ ባለ ሦስት ቀለሙ ዓይን አይማርክ ይሆናል፤ ነገር ግን ተጫዋቹን ሥልጣን በዚያ ዘመን በምን ይታወቅ እንደነበረ ያስተምረዋል።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ እንዳይመስል አንድ ነጥብ መጨመር ይገባል። በኢትዮጵያ የሰንደቅ ዓላማ ጉዳይ ዛሬም የሚያከራክር ነው፤ በ2009 በዐዋጅ ቁጥር 654 የተደነገገውን ባለ ኮከቡን የሚይዝ አለ፤ ዓርማ የሌለውን የሚመርጥ አለ፤ ባለ አንበሳውን የሚያነሣም አለ። ከጎንደር ፈረሰኞች ሰንደቅ አንዱ ወገን አንበሳውን፣ ሌላው ኮከቡን ነጥሎ ሊወስድ ይችላል፤ ሁለቱም ግን ሟቾችን ያለ ፈቃዳቸው ለዛሬ ክርክር ምስክር ማቆም ይሆንባቸዋል። በአራዳ ያደገ የጎንደር ወጣት በኮምፒዩተሩ ገጽ ላይ የአባቶቹን ምልክት ሲፈልግ ሊያገኝ የሚገባው የራሱን ዘመን ባንዲራ አይደለም፤ ጨርቁ ቀጭን፣ ዘንጉ ረጅም፣ ነጋሪቱም አብሮት የሚጎሰም ሰንደቅ ነው።