በዘር የሚተላለፍ የነርቭ ሕመምና የልዩ ፍላጎት ምደባ፦ ከዲላ አካባቢ አንጻር የቀረበ ሂስ

በትምህርት ቤቶች ዓመታዊ የስታቲስቲክስ ቅጽ የተማሪ ጉዳት በዓይነት ተከፍሎ ይመዘገባል። ምደባው ለቆጠራ ይመቻል። ይሁን እንጂ ጉዳትን አንዴ ደርሶ እንደ ቆመ ነገር ስለሚመለከት፣ በፖሊዮ ለሰለለ እግር የሚሠራውን ያህል ነርቩ ከዓመት ዓመት ለሚደክም ሕፃን አይሠራም።

ኒኮላውስ ፍሪድራይክ እ.ኤ.አ. በ1863 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው የአታክሲያ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም ልጁ ትምህርት ቤት እያለ ይጀምራል። ከእግር ወደ አከርካሪ መልእክት የሚያደርሱት የስሜት ነርቮች ስለሚጎዱ፣ ልጁ እግሩ የት እንዳረፈ ካላየ በቀር በውል አያውቅም። በመጀመሪያ ይንገዳገዳል፤ ቀጥሎ የእጅ ጽሑፉ ይበላሻል፤ እያደር አንደበቱ ይተሳሰራል። የማሰብ ችሎታው ግን በአመዛኙ እንዳለ ይቆያል። እንግዲህ ይህን ልጅ በአንደበቱ መዝኖ «የአእምሮ» በሚለው ዓምድ የሚያሰፍር መምህር የሚያበላሸው ቁጥሩን ብቻ አይደለም፤ ለልጁ የሚሰጠውንም ትምህርት ያሳንሳል።

በአንጻሩ የነርቭ ሽፋን የሆነው ማይሊን የሚፈርስበት ሜታክሮማቲክ ሉኮዲስትሮፊ በትምህርት ዕድሜ ሲጀምር፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው የጠባይ ለውጥና የውጤት ማሽቆልቆል ነው። ይህም በስንፍና ይተረጎማል፤ አልፎ አልፎም ያስቀጣል።

የነርቭ መልእክት ፍጥነት በመሣሪያ የሚለካ በመሆኑ፣ ከዲላ ወጣ ብለው በሚገኙት የጌዴኦ ደጋማ ቀበሌዎች ለውጡን ቀድሞ ሊያስተውል የሚችለው መምህሩ ነው። በቡናና በእንሰት ማሳ መካከል ያለውን ዳገትና ቁልቁለት አምና ያለ ችግር ይመላለስበት የነበረ ልጅ ዘንድሮ ቁልቁለቱን ቢፈራ፣ ነገሩ ትልቅ ምልክት ነው። ቅጹ ግን ስለ አምናው አይጠይቅም።

የባዮሎጂው ትምህርት አሰጣጥም ከዚህ ነቀፌታ አያመልጥም። ሁለቱም ሕመሞች የሚከሰቱት የተበላሸው ዘረመል ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ነው፤ ወላጆቹ ራሳቸው ጤነኞች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዕድሉም በእያንዳንዱ እርግዝና 1 ከ4 ነው። እጩ መምህሩ ይህን ስሌት በሜንዴል አተር ይለማመደዋል፤ እርስ በርስ ለሚካሰሱ ባልና ሚስት እንዲያስረዳበት ግን አይዘጋጅም።

ቅጹ እስኪሻሻል ድረስ፣ የእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ በየዓመቱ በማኅደሩ ቢቀመጥ፣ የአምናውንና የዘንድሮውን ለማነጻጸር ይቻላል።