ክዳኑ የማይነሣ የጦስኝ ሻይ

ጦስኝ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2200 ሜትር ከፍ ባለው የኢትዮጵያ ደጋ፣ በድንጋይና በሣር መካከል መሬት ለመሬት ተነጥፎ የሚበቅል መዓዛማ ተክል ነው። በጣርማ በርና በአንኮበር፣ በባሌ ተራሮችም የተጓዘ ሰው ሳያየው ይረግጠውና በመዓዛው ያውቀዋል። ከዳማከሴና ከበሶብላ ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው።

መዓዛው ያለው ከቅጠሉ ዘይት ነው። በዘይቱ ውስጥ ጎልተው የሚገኙት ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ውህዶች ጀርም የመግታት ኃይል ቢኖራቸውም በቀላሉ ይተናሉ። በዚህ የተነሣ የጦስኝ ሻይ ሙያ መዓዛውን ይዞ የማቆየት ሙያ ነው። ቅጠሉን ፀሐይ ላይ ማስጣት ሽታውን ያስበላል፤ በሰፌድ ተበትኖ ጥላ ውስጥ መድረቅ አለበት። የደረቀውን በሁለት ጣት አሸት ሲያደርጉት ሽታው ወዲያው ካልተነሣ ገለባ ሆኗል ማለት ነው።

በብዙ ቤት ሻዩ የሚበላሸው አፈላሉ ላይ ነው። ቅጠሉ ከውሃው ጋር ተጥዶ ሲንተከተክ ቤቱ ደስ በሚል ሽታ ይታወዳል፤ ያ ሁሉ ግን ከስኒው የጎደለ ነው። የሚሻለው ውሃውን አፍልቶ ማውረድ፣ ለአንድ ስኒ አንድ የሻይ ማንኪያ የደረቀ ቅጠል መጨመርና ከድኖ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መተው ነው። ክዳኑ ሲነሣ ውስጡ ላይ ያዘለው ጠብታ መልሶ ስኒው ውስጥ ይራገፋል፤ ምርጡ መዓዛ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ብርድ የመታው ሰው ሲጠጣው እንፋሎቱ አፍንጫውን ይከፍታል፣ ሙቀቱ የሚከረክር ጉሮሮን ያለዝባል፤ ማር ሲገባበት ደግሞ ሳሉ ጋብ ይላል። ማር ግን ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። ሁለት ሳምንት የዘለቀ ሳልም የሐኪም እንጂ የጦስኝ ጉዳይ አይደለም።

ማታ አረፍ ለማለት የሚጠጣ ከሆነ ብቻውን ይፍላ። በየሻይ ቤቱ እንደሚደረገው ከሻይ ቅጠል ጋር ሲቀላቀል ይጣፍጣል፤ ካፌይኑ ግን እንቅልፍ ይነሣል። ጦስኝ ራሱ ካፌይን የለውም።

ስለ አለቃቀሙም መነገር አለበት። ቀንበጡ ሲቀነጠብ ተክሉ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሲነቀል ግን ያ ቦታ ራቁቱን ይቀራል። ገበያ ላይ ከእስሩ ጫፍ አፈር የያዘ ሥር የሚታይበት ጦስኝ የተነቀለ ነውና፣ ገዢ ከላዩ የተቀነጠበውን ቢመርጥ ይበጃል።