«ደርቋል» የሚሉት ነገር

ጉደር የምትኖረው አክስቴ የዛሬ ሁለት ዓመት ቤት ሠራች። የስንት ዘመን የእቁብ ብሯን ነው ያፈሰሰችበት። የወለሉ ኮንክሪት የተሞላው ሐምሌ ውስጥ፣ ያ የምዕራብ ሸዋ ዝናብ እላዩ ላይ እየወረደ ነው። ለመስቀል ቤቷ መግባት ነበረባትና ፕላስቲክ ታይሉ መስከረም መባቻ ላይ በኮላ ተለጠፈ። «ደርቋል ወይ?» ብላ ብትጠይቅ፣ ባለሙያው በጫማው ተረከዝ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ «እትዬ፣ ድንጋይ ሆኗል እኮ!» አላት። ለገና ስሄድ ታይሉ አብጧል፣ ጠርዙ ተቀልብሷል፣ ከሥሩ ሻጋታ ይሸታል።

ሰውየው አልዋሸም፤ ድንጋይ ሆኗል። ጣጣው ቋንቋችንም ላይ አለ። አማርኛ ለጠነከረውም፣ ውሃው ለወጣለትም «ደረቀ» ይላል። ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ተዋሕዶ እንጂ ውሃ አጥቶ አይደለም፤ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆም ይጠነክራል። ለማቡካት ሲባል የተጨመረው ትርፍ ውሃ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። በልምድ የሚነገረው ስሌት ለሁለት ሳንቲ ተኩል ውፍረት አንድ ወር ያህል ነው፤ ያውም ማጠጣቱ ካበቃና ጣራው ከተከደነ በኋላ። ለአሥር ሳንቲ ወለል አራት ወር መሆኑ ነው። ከሥር ላስቲክ ካልተነጠፈ ደግሞ መረሬው አፈር እርጥበቱን ሲልክ ይኖራል። ላዩን በታይል ሲደፍኑት ውሃው የሲሚንቶውን አልካሊ ይዞ ይወጣና ኮላውን ይበላዋል።

እኔን የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው። ለጥንካሬው ሲሆን ኪዩብ ወስደን በ7 እና በ28 ቀን ላቦራቶሪ እናስጨፈልቃለን። ለእርጥበቱስ? የአክስቴን ውል አነበብኩት፤ የታይሉ ቀለም ሳይቀር ተጽፏል፣ ስለ እርጥበት አንድ ቃል የለም። መሣሪያ የለንም እንዳይባል፣ 45 ሳንቲ በ45 ሳንቲ የሆነች ላስቲክ ዙሪያዋን አሽጎ ቢያንስ 16 ሰዓት ማቆየት ነው። ሲገለጥ ጤዛ ካለ ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ፣ ገና ነው ማለት ነው። እርግጥ ዘዴው ያታልላል፤ ላስቲኩ ደረቅ ሆኖ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል። የሚታመነው ወለሉን እስከ ውፍረቱ 40 በመቶ በስቶ የእርጥበት መለኪያ መክተት ነው። ይህን ከአክስቴ ቤት አልጠብቅም፤ በሕዝብ ገንዘብ ከሚሠራ ክሊኒክና ትምህርት ቤት ግን እጠብቃለሁ።

አክስቴ ታይሉን አስነቅላ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ከርማለች። ሰሞኑን የነገርኳትን ላስቲክ ማታ ለጥፋ በማግስቱ ከምሳ በኋላ ደወለችልኝ።

«ጤዛ አለው» አለች።

«ያኔ ኮንክሪቱን ሲሞሉ ከሥሩ ላስቲክ አንጥፈው ነበር?»

«ኧረ እኔ እንጃ ልጄ፣ ድንጋይና አፈር ነው ያየሁት።»