የሕፃናት የሥዕል መጽሐፍና የክረምት ነገር

ለሕፃናት የሚዘጋጅ መጽሐፍ ቃሉ ጥቂት፣ ሥዕሉ ብዙ ስለ ሆነ፣ ብዙ ሰዎች እንደ ቀላል ሥራ ይቈጥሩታል። እኔ ግን ከመጻሕፍት ሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው እርሱ ይመስለኛል። ትልቅ ሰው ያነበበውን ከሚያውቀው ጋራ አመዛዝኖ ሐሰቱን ይጥላል፤ ሕፃን ግን መጽሐፉና ዐይኑ ሲጣሉበት የሚጠረጥረው የገዛ ዐይኑን ነው።

ስለ አየር መለዋወጥ ከሚናገሩት የሥዕል መጻሕፍት አንዱን፣ በዓለም የታወቀውን፣ እንመልከት። አሜሪካዊው ሠዓሊና ደራሲ ዕዝራ ጃክ ኪትስ በ1962 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ በሚከተለው ዓመት ካልዴኮት የተባለውን ታላቅ የሥዕል መጽሐፍ ሽልማት አግኝቶበታል። ነገሩ እጅግ ትንሽ ነው። ፒተር የሚባል ጥቁር ልጅ ማለዳ ሲነቃ ከተማው ሁሉ ነጭ ለብሶ ያያል። ቀይ ልብሱን ደርቦ ይወጣል፤ በእግሩ ዱካ፣ በእንጨትም ጭረት እያበጀ ይጫወታል፤ ጥቂቱን አድቦልቡሎ በኪሱ ይዞ ወደ ቤት ይገባል። ማታ ቢፈልገው ሟሙቶ አጣው፤ አዘነም። በዚያ ዘመን በአሜሪካ የልጆች መጻሕፍት ጥቁር ልጅ ዋና ሰው ሆኖ መሣሉ ብርቅ ነበር፤ ደራሲው ግን ስለዚህ አንድ ቃል እንኳ አይሰብክም። ስለ አየር ጠባይም አያስተምርም፤ አየሩ በአንድ ልጅ ላይ የሚያደርገውን አይቶ ያሳያል እንጂ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ አሁን ይህንኑ መጽሐፍ ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ለምትገኘው ለመራዊ ልጅ በአማርኛ እናንብብለት። ገና በመጀመሪያው ገጽ እንሰናከላለን። ለዚያ እንደ ጥጥ ቀልሎ ለሚወርደው ነገር የምንሰጠው ስም በረዶ ነው። ለመራዊ ልጅ ደግሞ በረዶ ማለት ቆርቆሮውን የሚደበድብ፣ የበቆሎውን ቅጠል የሚተለትል፣ አባቱን ከደጃፍ አቁሞ ወደ እርሻው የሚያስመለክት ጠጠር ነው። ፒተር በበረዶ ሲደሰት ቢያይ «የእነርሱ እህል አልጠፋምን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው። ጥፋቱ የአስተርጓሚው ነው። አመዳይ የሚለውን የቈየ ቃል ማንሣት፣ ወይም እንደ ተነደፈ ጥጥ የሚወርድ በረዶ ብሎ ማስረዳት ምን ይከብዳል?

ከዚህ የከፋው የወቅቶቹ ስም ነው። የፈረንጁ ቀዝቃዛ ወቅት «ክረምት»፣ ሞቃቱም «በጋ» እየተባለ በመዝገበ ቃላት ሳይቀር ይተረጐማል። የእኛ ክረምት ግን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ አብዛኛው በእነርሱ የሙቀት ወራት ላይ ይውላል። እንግዲህ ልጁ ሐምሌን በጋ ሊለው ነውን? በሐምሌና በነሐሴ መራዊ ዝናሙ የሚበረታበት፣ ቀዩ ጭቃ ጫማ ከእግር የሚነጥቅበት ጊዜ ነው። አበባ ተሥሎ ከሥሩ «ፀደይ» ተብሎ ሲጻፍም አያለሁ። በአባቶች ቈጠራ የአበባው ወቅት መፀው ነው፤ ፀደይስ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ገበሬው መሬቱን የሚያለሰልስበት ነው። (ይህን የተማሩ ሰዎችም ይስቱታልና በልጅ አንፍረድ።)

ልጅ የሌላውን አገር አየር አይወቅ ማለቴ አይደለም፤ ይወቅ። ነገር ግን የማን አገር እንደ ሆነ ይነገረው።

የራሳችን ሠዓሊም ቢሆን ከዚህ ወቀሳ አያመልጥም። በጋን ሣል ቢሉት የተሰነጠቀ መሬትና የከሳ ላም ይሥላል። በመራዊ አጠገብ ግን 7,000 ሄክታር ያህል እንዲያጠጣ የታቀደው የቆጋ ግድብ አለ፤ ልጁ በየካቲት አረንጓዴ ስንዴ ያያል። ኪትስን ያስመሰገነው አመዳዩ ሳይሆን አስተውሎ ማየቱ ነው፤ የእኛም ሠዓሊ ከጠረጴዛው ተነሥቶ አንድ ክረምትና አንድ በጋ መራዊ ቢከርም ኖሮ የሚሥለው አያጣም ነበር። ከጣና በኩል የሚጠቍረው ደመና አለ፤ ከብት እየነዳ የሚሮጥ እረኛ አለ። በረዶውም ካባራ በኋላ ልጆች በጣሳ ለቅመው ይልሱታል፤ እናታቸውም ጉንፋን ይይዛችኋል እያለች ትቈጣለች። ይህን ገጽ የሣለ ሰው እስካሁን አላየሁም።